የ2005 ኮሮላ ላይ ካርፕሌይ ያስገጠምኩበት መንገድ

መኪናዬ የ2005 ሞዴል ኮሮላ ናት። ከገልፍ የመጣች፣ ሞተሯ እስካሁን ጤነኛ የሆነ መኪና። ፋብሪካው የሰጣት ቴፕ ግን ጊዜው አልፎበታል። ካሴትና ሲዲ ያጫውታል፣ ሬዲዮ ይይዛል፣ በቃ። ብሉቱዝ የለውም። ስልክ በገመድ የሚያያዝበት የኦክስ ቀዳዳም የለውም።

ሥራዬ ከደንበኛ ደንበኛ መዞር ነው። ጠዋት ሲኤምሲ፣ ከሰዓት ጀሞ ልገኝ እችላለሁ። የአዲስ አበባ መንገድ ደግሞ ትናንት የታጠፋችሁበት ዛሬ ተዘግቶ የሚጠብቃችሁ ነው። ካርታ ያስፈልገኛል። ስልክም ይደወልልኛል። እየነዱ ስልክ መያዝ ያስቀጣል፤ ከቅጣቱ በላይ ደግሞ ሰው ያስገጫል። «መኪና ቀይሪያ!» የሚሉኝ አልጠፉም። ግን በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና ወደ አገር እንዳይገባ ከተከለከለበት ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ያገለገለ ኮሮላ እንኳን ዋጋው አይቀመስም። ስለዚህ ያለችኝን ማዘመን መረጥኩ፤ ቴፑን አውጥቼ ካርፕሌይ ያለው፣ ማለትም የስልኬን ካርታና ጥሪ የሚያሳይ ስክሪን አስገጠምኩ።

እንዲህ ዓይነት ነገር ለማሠራት የምታስቡ ካላችሁ፣ እኔ ያየሁትን ልንገራችሁ። ሐሳቤ ባጭሩ ይህ ነው፦ ስክሪኑ ላይ ብትቆጥቡ ብዙ አይጎዳችሁም፤ ስክሪኑን ከመኪናው ሽቦ ጋር በሚያገናኘው ሶኬትና በገጠማው ላይ ከቆጠባችሁ ግን ትከፍሉበታላችሁ።

በመጀመሪያ ምን እንደምትገዙ እወቁ። ካርፕሌይ የአፕል ነው፣ በ2014 እ.ኤ.አ. የወጣ። አንድሮይድ አውቶ የጉግል ነው፣ ከ2015 ጀምሮ አለ። ሁለቱም አሠራራቸው ተመሳሳይ ነው። ሥራውን የሚሠራው ስልኩ ነው። ካርታውን የሚስለው፣ ኢንተርኔቱን የሚጠቀመው፣ ሙዚቃውን የሚያጫውተው ኪሳችሁ ያለው ስልክ ነው። ስክሪኑ የስልኩን ምስል ያሳያል፣ ጣታችሁ የነካውን ለስልኩ ይነግራል፣ ድምፁን ወደ ስፒከር ይልካል። ከዚያ ያለፈ ሥራ የለውም።

ይህን አንዴ ከተረዳችሁ ሱቅ ውስጥ የሚነገራችሁ ግማሹ ወሬ ዋጋ ያጣል። ተክለሃይማኖት አካባቢ ካሉት የመኪና ዕቃ ሱቆች ብትገቡ መጀመሪያ የሚነገራችሁ የስክሪኑ ስፋት ነው። ቀጥሎ ራሙ፣ ከዚያ «አንድሮይድ 13 ነው» የሚለው። ስክሪኖቹ የቻይና ናቸው፤ እንደ ታብሌት ራሳቸውን ችለው የሚሠሩ፣ የራሳቸው ፕሌይ ስቶር ያላቸው። አንዳንዶቹ ቅንብራቸው ውስጥ 13 ተብሎ ተጽፎ ውስጣቸው 8.1 ሆኖ ይገኛል። ሲፒዩ ዚ የሚባለውን ነፃ መተግበሪያ ብትጭኑበት እውነተኛውን ቁጥር ብዙ ጊዜ ያወጣዋል። ሻጩ መጫን አይቻልም ካለ ነገሩ ግልጽ ነው።

ግን ካርፕሌይ ወይም አንድሮይድ አውቶ ለመጠቀም ከሆነ የምትገዙት፣ የስክሪኑ የራሱ አንድሮይድ ስንተኛ እንደሆነ ብዙ አያስጨንቅም። ራሙ 2 ጊጋ ከሆነ ይበቃል። ከ3 ዓመት በኋላ ስልካችሁን ስትቀይሩ ስክሪኑም አብሮ የታደሰ ያህል ነው። በራሱ አንድሮይድ የሚሠራውን ካርታ የምትጠቀሙ ከሆነ ግን ከስልክ ሆትስፖት መክፈት፣ ለስክሪኑ ለብቻው ጂሜይል ማስገባት፣ በየጊዜው ማዘመን ይመጣል። ከዓመት ሁለት ዓመት በኋላም መንቀርፈፍ ይጀምራል። እኔ ለዚህ ትዕግሥቱ የለኝም።

ስለዚህ ሱቅ ስትገቡ ጥያቄያችሁ አንድ ይሁን፦ «ካርፕሌይና አንድሮይድ አውቶ አለው? በኬብል ነው ወይስ በዋይፋይም?» ከዚያ በራሳችሁ ስልክ እዚያው አስሞክሩ። በሻጩ ስልክ ሳይሆን በራሳችሁ። ብዙዎቹ የቻይና ስክሪኖች ካርፕሌይን የሚከፍቱት ዚሊንክ በሚባል መተግበሪያ በኩል ነው። እሱ ተከፍቶ የስልካችሁ ምስል ካልመጣ «ቤት ስትገቢ ይሠራል» የሚለውን አትስሙ።

በስልኩ በኩልም ጥቂት ነገር አለ። አይፎን ከሆነ 5 እና ከዚያ በላይ ይበቃል፤ ሲሪ፣ በድምፅ የምታዟት የአይፎን ረዳት፣ ግን ተከፍታ መሆን አለባት። ሲሪ ጠፍታ ካርፕሌይ አይነሳም፤ በዚህ ምክንያት ብቻ ደህና ስክሪን «ተበላሽቷል» ተብሎ ሲመለስ አይቻለሁ። አንድሮይድ ከሆነ ከ10 ጀምሮ አንድሮይድ አውቶ ስልኩ ውስጥ ተካቶ ነው የሚመጣው፤ በገመድ አልባ ለመጠቀም 11 እና ከዚያ በላይ ቢሆን ይሻላል።

ስክሪን ሳታስገጥሙ የሚያዋጡ መንገዶች

ሁሉም ሰው ስክሪን አያስፈልገውም። ሙዚቃና ስልክ ብቻ ከሆነ ፍላጎታችሁ፣ ካሴት ማጫወቻ ላለው ቴፕ በካሴት ቅርጽ የተሠራ አዳፕተር አለ። ካሴት ማስገቢያው ውስጥ ትከቱታላችሁ፣ ገመዱ ወደ ስልክ ይሄዳል። ብሉቱዝ ያለውም አለ። ድምፁ ከኤፍኤም ትራንስሚተር የተሻለ ጥራት አለው። ሰው ያረጀ ነገር ነው ብሎ ይንቀዋል እንጂ ርካሽና የሚሠራ ነው።

ኤፍኤም ትራንስሚተሩ ላይተሩ ላይ የሚሰካው ነው፤ ብዙዎቻችን እናውቀዋለን። አዲስ አበባ ላይ ችግሩ ባዶ ሞገድ ማግኘት ነው። 94.3 አሐዱ፣ 96.3፣ 97.1፣ 98.1 ፋና፣ 101.1 ብስራት፣ 102.1 ሸገር፣ ከአጠገቡ 102.9 ዓባይ፣ 105.3 አፍሮ፣ 107.8 ኢትዮ ኤፍኤም። ከእነዚህ የራቀ ቦታ መፈለግ ነው። ከታች፣ 88 አካባቢ መሞከር ጥሩ ነው።

እዚህ ላይ ከጃፓን የመጣ ቴፕ ላላቸው ሰዎች አንድ ነገር ላንሳ። የጃፓን ኤፍኤም ከ76 እስከ 90 ሜጋኸርዝ ነበር፤ በኋላ ነው እስከ 95 ያሰፉት። የእኛዎቹ ጣቢያዎች ደግሞ ከ90 በላይ ናቸው። ለዚህ ነው የጃፓን ቴፕ ያለው ቪትዝ ውስጥ ሸገርን ፈልጋችሁ የምታጡት። ቴፑ አልተበላሸም፤ ቁጥሩ አይደርስም። ትራንስሚተር ስትጠቀሙም ከ87.5 እስከ 90 ባለው ውስጥ ካላደረጋችሁት ቴፑ አይሰማውም። ሞገዱን ዝቅ አድርጎ የሚያመጣ ትንሽ ዕቃ ከአንቴናው ገመድ ጋር ይቀጠላል፤ ግን ያኔ ቴፑ ላይ የምታዩት ቁጥር ከጣቢያው ቁጥር ጋር አይገጥምም። እውነቱን ለመናገር፣ የጃፓን ቴፕ ላለው ሰው መቀየሩ ይሻላል።

ሌላው ከክሩስኮቱ ላይ የሚለጠፈው ተንቀሳቃሽ ስክሪን ነው። ካርፕሌይም አንድሮይድ አውቶም አለው። ኃይሉን ከላይተር ይወስዳል፣ ድምፁን በኤፍኤም ወይም በኦክስ ወደ ቴፑ ይልካል። ምንም ነገር አይፈታም፣ አይቆረጥም። ኪራይ መኪና ለሚነዱ፣ ወይም መኪናቸውን በቅርቡ ለሚሸጡ በጣም ጥሩ ነው። ስትወርዱ ነቅላችሁ ቦርሳ ውስጥ መክተት ትችላላችሁ። ስፖኪዮ የሚነቀልባት ከተማ ውስጥ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። የማልወድለት ነገር መስታወቱን መጋረዱን ነው፤ የኮሮላ ክሩስኮት ዝቅ ያለ ስላልሆነ ለኔ ቁመት አልተመቸም።

ካርፕሌይን ገመድ አልባ የሚያደርገው፣ ዩኤስቢ ላይ የሚሰካው ትንሹ ዶንግልም ብዙ ሰው ያሳስታል። ያ ዕቃ የሚሠራው መኪናው ወይም ስክሪኑ አስቀድሞ በኬብል ካርፕሌይ ካለው ብቻ ነው። የ2005 ኮሮላ ቴፕ ላይ የሚሰካበት ቦታ እንኳን የለውም። አሮጌ መኪና ይዛችሁ «ይህን ብቻ ሰክተሽ ካርፕሌይ ይመጣል» የሚል ማስታወቂያ ካያችሁ እለፉት።

ሶኬቱ

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ።

የቴፕ ማስገቢያ ቀዳዳ ልክ አለው። ደብል ዲን የሚባለው 180 በ100 ሚሊሜትር ነው። ነጠላው ቁመቱ 50 ነው። ቶዮታ ግን ብዙ ጊዜ ወርዱን 200 ያደርገዋል። 180ውን ከገዛችሁ በግራና በቀኝ 10 ሚሊሜትር ክፍት ይቀራል፤ እሱን የሚሸፍን ፕላስቲክ ፍሬም መግዛት አለባችሁ። ለቶዮታ የተሠራውን 200 በ100 ከገዛችሁ ግን የድሮው ቴፕ ጎንና ጎን ያለው ብረት ተፈትቶ እዚያው ላይ ይገጥማል። የኔ እንደዚያ ነው የሆነው። ክሩስኮቱ አልተሞረደም።

ከቴፑ ኋላ ቶዮታ ሁለት ሶኬት አለው፤ አንዱ 10 ፒን፣ ሌላው 6 ፒን። ለእነዚህ በቀጥታ የሚገጥም መገናኛ ገመድ ተሠርቶ ይሸጣል። አንዱ ጫፍ ወደ መኪናው ሶኬት፣ ሌላው ጫፍ ወደ ስክሪኑ። ምንም የመኪናው ሽቦ አይቆረጥም። ውጭ አገር ዘመድ ያላችሁ ከሆነ፣ አሜሪካ ውስጥ ሜትራ የሚባለው ድርጅት ቁጥሩ 70-1761 የሆነ የቶዮታ ሶኬት ይሠራል። ቀላል ነው፣ ሻንጣ ውስጥ ቦታ አይዝም። ለኔ ቨርጂኒያ ያለች የአክስቴ ልጅ ናት ይዛልኝ የመጣች። እዚህም ይገኛል፤ አንዳንዴ ከስክሪኑ ጋር ካርቶን ውስጥ አብሮ ይመጣል።

ለምን ይህን ያህል አወራለሁ? ምክንያቱም ብዙ ቦታ የሚደረገው ሌላ ነው። ሶኬቱ ተቆርጦ ይጣላል፣ ሽቦዎቹ በእጅ ይጠመዘዛሉ፣ በፕላስተር ይጠቀለላሉ። ለጊዜው ይሠራል። ኮብልስቶን ላይ ሲንገጫገጭ፣ ፀሐይ ላይ ሲቆም የፕላስተሩ ሙጫ ይለቃል። ከዚያ ፊውዝ ይበላል፣ ወይም አንድ ስፒከር ዝም ይላል። መኪናውን ስትሸጡም የድሮውን ቴፕ መመለስ አይቻልም።

የገጠሙልኝ ሰውዬ በዕድሜ የገፉ፣ እጃቸው ጥሩ የሆነ ኤሌክትሪሻን ናቸው። ሶኬት ሲባል መጀመሪያ ደስ አላላቸውም።

«እህቴ፣ እኔ ስንት ዓመት በእጄ ስቀጥል ኖሬያለሁ። ለሶኬት ገንዘብ ምን ያስወጣሻል?»

«ጋሼ፣ እኔው ይዤ ብመጣስ ይገጥሙልኛል?»

«ካመጣሽማ ምን ቸገረኝ! ለኔም ይቀለኛል።»

እንደዚያ ተግባባን። ሶኬቱን ከስክሪኑ ገመድ ጋር ማገናኘት ግን ያስፈልጋል፤ ያንን በስታኞ በየዱት፣ በላዩ ላይ በእሳት የሚኮማተር ቱቦ አለበሱት። ሥራው ሁሉ ከመኪናው ውጭ፣ ጠረጴዛ ላይ ነው ያለቀው።

ሽቦዎቹን ለማወቅ ኤሌክትሪሻን መሆን አያስፈልግም። ስታሠሩ ቆማችሁ ብታዩ ይጠቅማችኋል። ከስክሪኑ የሚወጣው ቢጫ ሽቦ ቋሚ ኃይል ነው፤ ቁልፍ ቢነቀልም 12 ቮልት አለው፣ ሰዓቱንና ቅንብሩን የሚያስታውስበት ነው። ቀዩ ቁልፍ ስታዞሩ ብቻ የሚመጣ ኃይል ነው። ጥቁሩ ኔጋቲቭ። ብርቱካናማው መብራት ስታበሩ ስክሪኑ እንዲደበዝዝ ያደርጋል፤ ይህ ካልተገናኘ ማታ ዓይናችሁን ያጠፋዋል። ስፒከሮቹ ነጭ፣ ግራጫ፣ አረንጓዴና ሐምራዊ ናቸው፤ ጥቁር መስመር ያለበት የእያንዳንዱ ኔጋቲቭ ነው። ይህ የስክሪኑ ቀለም ነው። የቶዮታ የራሱ ቀለም ይለያል፤ አብዛኛውን ጊዜ ቋሚው ሰማያዊ ሆኖ ቢጫ መስመር ያለበት፣ የቁልፉ ግራጫ፣ ኔጋቲቩ ቡናማ ነው። በቀለም ብቻ ከተመራችሁ ግራጫውን ከግራጫው ታገናኙና የስፒከር መስመር ውስጥ 12 ቮልት ትልካላችሁ። ሶኬት የሚያስፈልግበት ሌላው ምክንያት ይኸው ነው።

ቴፑን ማውጣት ራሱ ቀላል ነው። መጀመሪያ የባትሪው ኔጋቲቭ ይፈታል። የኮሮላው የፊት ፕላስቲክ በክሊፕ ነው የተያዘው፤ በፕላስቲክ መፈልቀቂያ ቀስ ተብሎ ይነሳል። በካቻቪቴ ከሆነ ጠርዙ ይቧጨራል፣ ጠባሳው ለዘላለም ይቀራል። ከውስጥ በ10 ቁጥር ቁልፍ የሚፈቱ 4 ብሎኖች አሉ። እነሱ ሲፈቱ ቴፑ ወደ ፊት ይወጣል።

ባትሪ የሚጨርሰው ስክሪን

የሥራ ባልደረባዬ ቪትዝ ላይ ስክሪን ተገጠመላት። ቅዳሜና እሁድ ሳትነዳ ከቆመች ሰኞ ጠዋት አትነሳም ነበር። ባትሪው አረጀ ተብሎ አዲስ ተገዛ። ያም ተኛ። ነገሩ ቆይቶ ሲታይ ቀዩና ቢጫው አንድ ላይ ከቋሚው ተቀጥለዋል። ስክሪኑ ፊቱ ጨለመ እንጂ ሌሊቱን ሙሉ እየሠራ ነበር።

ሂሳቡን እንሥራው። የቆመ መኪና በጤናው ከ50 ሚሊአምፔር በታች ነው የሚወስደው። ያልተኛ ስክሪን 300 ወሰደ እንበል። በ24 ሰዓት 7.2 አምፔር ሰዓት ይሆናል። የትንሽ መኪና ባትሪ 45 አምፔር ሰዓት አካባቢ ነው። በ3 ቀን ግማሹ አለቀ ማለት ነው። ግማሽ የደረሰ አሮጌ ባትሪ ደግሞ ጠዋት ብርድ ላይ ሞተር አያስነሳም።

ስለዚህ ከጋራዥ ሳትወጡ አስለኩ። ቁልፍ ይነቀላል፣ በሮቹ ይዘጋሉ፣ ጥቂት ደቂቃ ይጠበቃል፤ ከዚያ ቴስተሩ በአምፔር ሆኖ በባትሪው ኔጋቲቭና በገመዱ መካከል ይገባል። ቴስተሩ ገብቶ እያለ መኪናውን ማስነሳት የለም፤ የቴስተሩን ፊውዝ ያቃጥላል። ቁጥሩ ከ50 ሚሊአምፔር በታች ከሆነ ሰላም ነው። ብዙዎቹ ስክሪኖች ቅንብር ውስጥ የእንቅልፍ ጊዜ ምርጫ አላቸው። ቶሎ እንዲነሳ ተብሎ ለብዙ ሰዓት እንቅልፍ ላይ እንዲቆይ የተደረገ ከሆነ አሳጥሩት። ካርፕሌዩ ጠዋት ግማሽ ደቂቃ ብትጠብቁት ምንም አትሆኑም።

ማይክራፎኑም ትኩረት ይፈልጋል። ስክሪኑ ፊት ላይ ባለችው ትንሽ ቀዳዳ ብቻ የምታወሩ ከሆነ የሚደውልላችሁ ሰው «ጉድጓድ ውስጥ ነሽ እንዴ?» ይላችኋል። በገመድ የሚወጣ ማይክራፎን አብሮ ይመጣል። ከመሪው በላይ ወይም በሾፌሩ በኩል ካለው የመስታወት ምሰሶ ላይ ይቀመጥ፣ ከአየር ማውጫው ይራቅ። ገመዱ በፕላስቲኩ ሥር ይለፍ።

ስክሪን ካስገጠሙ በኋላ ሬዲዮ አልይዝ አለ የሚሉ ብዙ ናቸው። ብዙ ጊዜ ሁለት ምክንያት ነው ያለው። አንደኛው የአንቴናው መሰኪያ በደንብ አለመግባቱ። ሁለተኛው ሰማያዊው ሽቦ ነው፤ አንቴናቸው የራሱ ማጉያ ያለው መኪኖች ኃይሉን ከዚህ ሽቦ ነው የሚያገኙት። ሳይገናኝ ከቀረ ሸገር እንኳን ቦሌ ላይ ይንጫጫል። ርካሽ የላይተር ቻርጀርም ሬዲዮ ይረብሻል፤ ነቅላችሁ ሞክሩ።

የኋላ ካሜራ እግረ መንገዴን አስገጥሜያለሁ። ኃይሉን ከኋላ ማርሽ መብራት ያገኛል፤ አንድ ቀጭን ሽቦ ደግሞ እስከ ስክሪኑ መጥቶ ማርሽ መግባቱን ይነግረዋል። ካሜራውና ስክሪኑ አንድ ዓይነት ሲግናል መጠቀማቸውን ሱቁ ውስጥ ሰክታችሁ እዩ፤ አለበለዚያ ጥቁር ምስል ነው የሚወጣው። ከዚህ ሁሉ ወጪ ቤተሰቤ የወደደልኝ ይህን ብቻ ነው።

የእጅ ፍሬን ሽቦ የሚባልም አለ። እየነዱ ቪዲዮ እንዳይከፈት የሚከለክለው እሱ ነው። ብዙ ገጣሚ ሳይጠይቃችሁ ከኔጋቲቭ ጋር ያገናኘውና ቪዲዮ ሁልጊዜ እንዲሠራ ያደርገዋል፤ ውለታ የዋለላችሁ ይመስለዋል። እኔ በትክክለኛው ቦታ እንዲገናኝ ነው ያልኩት። ቀለበት መንገድ ላይ ድራማ እያየ የሚነዳ ሰው አጠገቤ አልፎ ያውቃል፤ ሌላ ምክንያት አላስፈለገኝም።

ሲሠራ

በኬብል የምትጠቀሙ ከሆነ ኬብሉን አትናቁት። መንገድ ላይ የሚሸጡ ብዙ ኬብሎች ቻርጅ ብቻ ነው የሚያደርጉት፤ ዳታ የሚያሳልፍ ሽቦ ውስጣቸው የለም። ስልኩ ቻርጅ ያደርጋል፣ ካርፕሌይ አይመጣም፣ ሰው ስክሪኑን ይወቅሳል። ከ1 ሜትር ያልበለጠ፣ ኮምፒውተር ላይ ፋይል ማሳለፉን ያያችሁበት ኬብል ያዙ። የስልኩን ቀዳዳም በእንጨት ስንጥር አጽዱት፤ የኪስ ብናኝ ይሞላዋል።

በዋይፋይ ሲሆን ምቾቱ ሌላ ነው። ስልኩ ቦርሳ ውስጥ እያለ ሞተር ስታስነሱ ካርታው ራሱ ይመጣል። መጀመሪያ በብሉቱዝ ይተዋወቃሉ፣ ከዚያ ወደ ዋይፋይ ያልፋሉ። የስልኩ ባትሪ ግን ቶሎ ይወርዳል፣ ስልኩም ይሞቃል። አዳማ ወይም ድሬዳዋ ስሄድ በኬብል ነው የምጠቀመው።

ካርታውን አስቀድማችሁ አውርዱት። ጉግል ማፕስ አንድ አካባቢ መርጦ ያለ ኢንተርኔት እንዲሠራ ማውረድ ይፈቅዳል። አዲስ አበባንና ዙሪያዋን ቤት ዋይፋይ ላይ አውርዳችሁ ብትጨርሱ ኔትወርክ ሲጠፋ መንገድ ላይ አትቀሩም። የተዘጋ መንገድና የትራፊክ መጨናነቅ ለማየት ግን ዳታ ያስፈልጋል።

ስለ አማርኛችን ልጨምር። የርካሽ ስክሪኖች የራሳቸው የብሉቱዝ ማጫወቻ የዘፈኑን ርዕስ በአማርኛ ፊደል ሲያገኝ አራት ማዕዘን ሳጥን ይደረድራል። በካርፕሌይ ውስጥ ግን ምስሉን የሚስለው ስልኩ ስለሆነ ፊደሉ አምሮ ይወጣል። የጓደኛም ስም፣ የመዝሙርም ርዕስ ይነበባል። ችግሩ ድምፅ ላይ ነው። ሲሪ አማርኛ አታውቅም። በአማርኛ ፊደል ያስቀመጣችሁትን ስም ጠርታችሁ «ደውዪ» ብትሏት ግራ ይገባታል። እኔ ቶሎ ቶሎ የምደውልላቸውን ሰዎች ስም በላቲን ፊደል፣ አጭር አድርጌ አስቀምጫለሁ። የእናቴ «ማሚ» ነው፤ እሱን ሳትሳሳት ትሰማለች። በአማርኛ የሚመጣ መልእክት ደግሞ አታነብም። ቆሜ አነባለሁ።

የራይድ ወይም የፈረስ ሹፌር ለሆናችሁ፦ ካርፕሌይና አንድሮይድ አውቶ የሚያሳዩት የተመረጡ መተግበሪያዎችን ነው፤ በአብዛኛው ካርታ፣ ሙዚቃና ድምፅ፣ ጥሪና መልእክት። ሥራ የሚመጣበት የሹፌር መተግበሪያችሁ እዚያ ላይ ይወጣል ብላችሁ አትግዙ። ስልኩ መያዣው ላይ መቆየቱ አይቀርም። ለእናንተ ጥሩ የስልክ መያዣና የብሉቱዝ አዳፕተር ከትልቅ ስክሪን ይልቅ ሳይሻል አይቀርም። መያዣው ደግሞ በማግኔት ከሚይዘው ይልቅ በጎንና ጎን የሚጨብጠው ይሁን፤ ፍጥነት መቀነሻ ላይ ስልክ አያወርድም።

ዋጋ ያልጻፍኩት አውቄ ነው፤ በየወሩ ይለዋወጣል። ሱቅ ውስጥ ግን ስክሪኑን፣ ፍሬሙን፣ ሶኬቱን፣ ካሜራውንና የእጅ ዋጋውን ለየብቻ አስቆጥሩ። «ሁሉንም ጨምሮ» የሚባለው ውስጥ መጀመሪያ የሚጠፋው ሶኬቱ ነው። ከእጅ ዋጋው የተወሰነውን ቀሪ አድርጋችሁ በማግስቱ ጠዋት መኪናው መነሳቱን ካያችሁ በኋላ ክፈሉ፤ ጥሩ ገጣሚ በዚህ አይከፋም። የድሮውን ቴፕ ደግሞ ከነብሎኑ፣ ከነብረቱ ተቀበሉ። ብዙ ቦታ «ምን ያደርግልሻል?» ብለው ያስቀሩታል። የኔ በካርቶን ተጠቅልሎ ቁም ሳጥን ላይ ተቀምጧል።